አካቲኒዴ

አካቲኒዴ በየብስ የሚኖሩና በሳንባ አየር የሚተነፍሱ የቀንድ አውጣዎች አስተኔ ነው። «የአፍሪካ ግዙፍ ቀንድ አውጣዎች» በሚል የጋራ ስም የሚታወቁት ዝርያዎች በሙሉ የሚገኙት በዚህ አስተኔ ውስጥ ነው። ከእነርሱም መካከል በምዕራብ አፍሪካ ደኖች የሚኖረው አካቲና አካቲና በዓለም ካሉት የየብስ ቀንድ አውጣዎች ሁሉ ትልቁ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. በሴራሊዮን የተገኘ አንድ የዚህ ዝርያ ቀንድ አውጣ ከራሱ እስከ ጭራው ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ 39.3 ሴንቲ ሜትር፣ ዛጎሉ ብቻውን 27.3 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ክብደቱም 900 ግራም ሆኖ በድንቃ ድንቅ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በአንጻሩ በዚሁ አስተኔ ውስጥ ዛጎላቸው ከአንድ ሴንቲ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ቀጫጭን ቀንድ አውጣዎችም አሉ።

እነዚህ ሁሉ በአንድ አስተኔ ሥር የተሰበሰቡት በቅርቡ ነው። አስተኔው በ1840 ስም ከወጣለት ጊዜ ጀምሮ ድንበሩ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል፤ በመጀመሪያ በዛጎል ቅርጽ፣ ቀጥሎ በውስጥ አካል አሠራር፣ በመጨረሻም በዲ ኤን ኤ ምርመራ ተለይቷል። በዚህ አስተኔ ውስጥ አንዱን ዝርያ ከሌላው ለይቶ ማወቅ ተግባራዊ ውጤት አለው። ሊሳካቲና ፉሊካ በዓለም አስከፊ ከሚባሉት ወራሪ ዝርያዎች አንዱ ሲሆን፣ ዘመዱ አርካካቲና ባይካሪናታ በሁለት ትንንሽ ደሴቶች ላይ ብቻ የሚገኝና ጥበቃ የሚያስፈልገው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምደባ በአጭሩ

ስፍን፦ እንስሳት
ክፍለ ስፍን፦ ሞለስካ (ገላቸው ለስላሳ የሆነ፣ አብዛኞቹም ዛጎል ያላቸው እንስሳት)
መደብ፦ ጋስትሮፖዳ (ቀንድ አውጣዎችና ዛጎል አልባ ዘመዶቻቸው)
ክፍለ መደብ፦ ስታይሎማቶፎራ
ንዑስ ክፍለ መደብ፦ አካቲኒና
ላዕላይ አስተኔ፦ አካቲኖይዴያ
አስተኔ፦ አካቲኒዴ
ስሙን ያወጣለት፦ ዊልያም ስዌንሰን፣ 1840

በእንስሳት ስም አወጣጥ ሕግ መሠረት የአስተኔ ስም በ«-ኢዴ»፣ የንዑስ አስተኔ ስም በ«-ኢኔ»፣ የላዕላይ አስተኔ ስም ደግሞ በ«-ኦይዴያ» ያበቃል። ስለዚህ አካቲና የወገን፣ አካቲኒኔ የንዑስ አስተኔ፣ አካቲኒዴ የአስተኔ፣ አካቲኖይዴያ የላዕላይ አስተኔ ስም መሆኑን ከመጨረሻው ድምፅ ማወቅ ይቻላል።

ስያሜ

አካቲኒዴ የሚለው ስም አካቲና ከሚባለው ወገን የመጣ ነው። አካቲና የተወሰደው ደግሞ «አካቴስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ሲሆን ትርጉሙ አጌት የሚባለው፣ የተለያየ ቀለም ያላቸው መስመሮች የሚታዩበት ጌጠኛ ድንጋይ ነው። የብዙዎቹ ግዙፍ ቀንድ አውጣዎች ዛጎል በቡናማ፣ በቢጫና በነጣ ያለ ቀለም የተዥጎረጎረ በመሆኑ ከዚህ ድንጋይ ጋር ተመሳስሏል።

ክፍለ መደቡ ስታይሎማቶፎራ የተባለውም በግሪክ «ዓይኑን በዘንግ ላይ የተሸከመ» ለማለት ነው። የእነዚህ እንስሳት ዓይን የሚገኘው በራሳቸው ላይ ወጣ ገባ በሚሉት ሁለት ረጃጅም ቀንዶች ጫፍ ላይ ነው። በአማርኛ «ቀንድ አውጣ» የሚለው ስምም ይህንኑ የሚታይ ባሕርይ የያዘ ነው።

የአካል አሠራር

ሳንባ። የየብስ ቀንድ አውጣ ሳንባ ከአጥቢ እንስሳት ሳንባ ጋር በስም እንጂ በአፈጣጠር አይገናኝም። ማንትል የሚባለው የገላ ሽፋን ከጀርባ በኩል ከዛጎሉ ሥር ክፍት ቦታ ይፈጥራል። በባሕር ቀንድ አውጣዎች ውስጥ በዚህ ቦታ ስንጥብ ይገኛል። በስታይሎማቶፎራ ግን ስንጥቡ የለም፤ በምትኩ የክፍሉ ጣራ በደም ሥሮች መረብ ተሸፍኖ አየር ከደም ጋር የሚገናኝበት ሳንባ ሆኗል። አየር የሚገባውና የሚወጣው ከዛጎሉ አፍ አጠገብ በምትገኝ አንዲት ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዋ እንደ አስፈላጊነቱ ስለምትከፈትና ስለምትዘጋ እንስሳው በደረቅ ጊዜ ውኃ እንዳይተንበት ይረዳዋል።

ዛጎል። የአካቲኒዴ ዛጎል ብዙውን ጊዜ ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ የሚበልጥና ወደ ጫፉ እየሾለ የሚሄድ ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎች ዛጎላቸው ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፤ ወደ ግራ የሚጠመዘዙት ጥቂት ናቸው። ዛጎሉ የሚሠራው ከካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ቀንድ አውጣው ካልሲየም ፍለጋ አፈር፣ አጥንት፣ የሌሎች ቀንድ አውጣዎችን ዛጎል፣ አንዳንድ ጊዜም የቤት ግድግዳ ላይ ያለ ኖራ ሳይቀር ይፍቃል።

አመጋገብ። በአፉ ውስጥ ራዱላ የሚባል፣ በጣም ብዙ ጥቃቅን ጥርሶች የተደረደሩበት እንደ ሞረድ ያለ ምላስ አለ። ግዙፎቹ ዝርያዎች በዋነኛነት ቅጠል፣ ፍራፍሬና የበሰበሰ ተክል ይመገባሉ።

መራባት። እያንዳንዱ ቀንድ አውጣ የወንዴም የሴቴም የመራቢያ አካል አለው። ቢሆንም እንደ ሊሳካቲና ፉሊካ ያሉት ለመራባት ከሌላ ቀንድ አውጣ ጋር መገናኘት አለባቸው። ከተገናኙ በኋላ ግን የተቀበሉትን የዘር ፍሬ ለብዙ ወራት ማቆየት ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ቀደም ሲል የተገናኘ አንድ ብቸኛ ቀንድ አውጣ ወደ አዲስ አገር ቢገባ መንጋ ሊመሠርት ይችላል። እንቁላላቸው እንደ ወፍ እንቁላል ጠንካራ የካልሲየም ቅርፊት አለው። ሊሳካቲና ፉሊካ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 400 የሚደርሱ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሆኑ እንቁላሎች ይጥላል። የምዕራብ አፍሪካው አርካካቲና ማርጊናታ በተቃራኒው የሚጥላቸው እንቁላሎች ብዙውን ጊዜ ከሃያ የማይበልጡ ሲሆን እያንዳንዳቸው ግን ከ1.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ርዝመት አላቸው።

የበጋ እንቅልፍ። ድርቅ ሲመጣ ቀንድ አውጣው ወደ ዛጎሉ ገብቶ አፉን ሲደርቅ በሚጠነክር ስስ ሽፋን ይደፍነዋል። በዚህ ሁኔታ ሳይበላና ሳይንቀሳቀስ ወራት ሊያሳልፍ ይችላል። ዝናብ ሲዘንብ ሽፋኑን ሰብሮ ይወጣል።

የምደባ ታሪክ

በዛጎል ቅርጽ

የዘመናዊ ምደባ አባት የሚባለው ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1758 ባሳተመው መጽሐፍ የምዕራብ አፍሪካውን ግዙፍ ቀንድ አውጣ ቡላ አካቲና ብሎ ሰየመው። ቡላ ዛሬ የባሕር ቀንድ አውጣዎች ወገን ስም ነው። ሊኒየስ ሁለቱን ያገናኛቸው በዛጎላቸው ቅርጽ ነበር፤ በዚያ ጊዜ የሩቅ አገር ቀንድ አውጣዎች ለአውሮፓ ሊቃውንት የሚደርሷቸው ብዙውን ጊዜ ገላው ወጥቶ ባዶ ዛጎል ሆነው ነው። በ1799 ፈረንሳዊው ዣን ባፕቲስት ላማርክ አካቲና የሚለውን ወገን መሠረተ። እንግሊዛዊው ዊልያም ስዌንሰን ደግሞ በ1840 የአስተኔውን ስም አወጣ።

በዛጎል ብቻ መመደብ ሁለት ችግሮች ነበሩበት። የመጀመሪያው ዘመድ ያልሆኑ እንስሳት በተመሳሳይ ኑሮ ምክንያት ተመሳሳይ ዛጎል ማውጣታቸው ነው። ሁለተኛው የአንድ ዝርያ ዛጎል ራሱ ብዙ መልክ መያዙ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በምሥራቅ አፍሪካ የሚገኘው ሊሚኮላሪያ ማርተንሲያና ነው። ዴኒስ ኦወን የተባለ ተመራማሪ በ1960ዎቹ በኡጋንዳ ባደረገው ጥናት በአንድ ቦታ አብረው የሚኖሩ የዚህ ዝርያ ቀንድ አውጣዎች ገሚሶቹ ዥጉርጉር፣ ገሚሶቹ መስመር የሌላቸው ሆነው አግኝቷቸዋል። ቀንድ አውጣዎቹ ተጨናንቀው በሚኖሩበት አካባቢም የመልካቸው ዓይነት ይበዛል። ባዶ ዛጎል ብቻ ያየ ሰው እነዚህን ሁሉ የተለያዩ ዝርያዎች ሊላቸው ይችል ነበር።

በውስጥ አካል

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የፊላደልፊያው ሄንሪ ፒልስብሪ የየብስ ቀንድ አውጣዎችን በኩላሊታቸውና በሽንት ቱቧቸው አሠራር ከፋፈላቸው። የሽንት ቱቧቸው እንደ ተኛ ኤስ ፊደል የሚታጠፍባቸውን በአንድ ላይ አድርጎ ሲግሙሬትራ አላቸው። አካቲናም፣ የአውሮፓው የአትክልት ቀንድ አውጣ ሄሊክስም እዚህ ገቡ። ፒልስብሪ በ1904 እና 1905 የአፍሪካን አካቲኒዴዎች የሚመለከት አንድ ሙሉ ቅጽ አሳትሟል። በ1950 ደግሞ በትውልድ ቤልጂጋዊ የሆነው አሜሪካዊ ጆሴፍ ቤካርት ሰፊ ጥናት አውጥቶ ወገኖቹን በዝርዝር ለየ። የምሥራቅ አፍሪካዎቹን በአካቲና ወገን ሥር ሆነው ሊሳካቲና የሚባል ንዑስ ወገን እንዲሆኑ ያደረገውም እርሱ ነው። «ሊሶስ» በግሪክ ለስላሳ ማለት ነው።

በዚህ ዘመን በጠባቡ ትርጉም የተወሰነው አካቲኒዴ ወደ 13 የሚሆኑ ወገኖችና 200 ያህል ዝርያዎች የያዘ፣ ከሰሃራ በታች ላለው አፍሪካ ብቻ የተወሰነ አስተኔ ነበር። ቀጫጭኖቹና ትንንሾቹ ዘመዶቻቸው ሱቡሊኒዴ በሚባል ሌላ አስተኔ ሥር ይመደቡ ነበር።

በዲ ኤን ኤ

በ2001 የብሪታንያ ተመራማሪዎች ከመቶ በላይ የየብስ ቀንድ አውጣ ዝርያዎችን የዘር ቅንጣት አነጻጽረው ውጤቱን አሳተሙ። ስታይሎማቶፎራ ከሥሩ በሁለት ታላላቅ ቅርንጫፎች የተከፈለ ሆኖ ተገኘ። አንደኛው አካቲኒዴንና የቅርብ ዘመዶቹን፣ ሁለተኛው አብዛኞቹን ሌሎች የየብስ ቀንድ አውጣዎችና ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣዎችን ይይዛል። በፒልስብሪ ምደባ ጎን ለጎን የነበሩት አካቲናና ሄሊክስ በሁለት የተለያዩ ቅርንጫፎች ላይ ወደቁ። የሽንት ቱቦ መታጠፍ ብቻውን ዝምድናን እንደማያረጋግጥም ታየ። ከአካቲና ጋር በአንድ ቅርንጫፍ ላይ የተገኙት ደግሞ ስትሬፕታክሲዴ የሚባሉት፣ ሌሎች ቀንድ አውጣዎችን እያደኑ የሚበሉ ትንንሽ ሥጋ በሎች ናቸው።

በ2017 የወጣ ሌላ የዘር ጥናት በላዕላይ አስተኔው አካቲኖይዴያ ላይ አተኮረ። ሱቡሊኒዴ ይባሉ የነበሩት አንድ የተለየ ቤተሰብ አለመሆናቸውን፣ ግዙፎቹም ከእነርሱ መካከል የወጡ ቅርንጫፍ መሆናቸውን አሳየ። በዘመናዊ ምደባ አንድ ቡድን ተቀባይነት የሚያገኘው የአንድ ቅድመ አያት ዘሮችን በሙሉ ሲይዝ ነው። ስለዚህ ያለው ምርጫ ሱቡሊኒዴን ወደ ብዙ አስተኔዎች መሰነጣጠቅ ወይም ከግዙፎቹ ጋር ማዋሐድ ሆነ። በዚያው ዓመት በፊሊፕ ቡሼና በባልደረቦቹ የታተመው የጋስትሮፖዳ አጠቃላይ ምደባ ማዋሐዱን መርጧል። ስማቸው አካቲኒዴ የሆነው ቀድሞ የወጣ ስም ይጸናል በሚለው ሕግ መሠረት ነው፤ አካቲኒዴ በ1840፣ ሱቡሊኒዴ ግን በ1877 የወጣ ነው።

የዘር ጥናቶቹ የምሥራቅ አፍሪካዎቹ ቀንድ አውጣዎች ከምዕራብ አፍሪካዎቹ የተለዩ መሆናቸውንም አሳይተዋል። ስለዚህ የቤካርት ንዑስ ወገን ሊሳካቲና ወደ ሙሉ ወገንነት ከፍ ብሏል። ለብዙ ዘመን አካቲና ፉሊካ ሲባል የኖረው ዝርያ ዛሬ ሊሳካቲና ፉሊካ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። በቆዩ መጻሕፍትና በብዙ የኳራንቲን ዝርዝሮች ውስጥ የሚገኘው ግን አሮጌው ስም ስለሆነ ሁለቱም የአንድ እንስሳ ስሞች መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል።

«ባለ ሳንባዎች» አንድ ቡድን ናቸውን?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፈረንሳዊው ዦርዥ ኩቪዬ በሳንባ የሚተነፍሱ ቀንድ አውጣዎችን በአንድ ላይ መደባቸው፤ ቡድኑም ፑልሞናታ ተብሎ ወደ ሁለት መቶ ዓመታት ለሚጠጋ ጊዜ በመማሪያ መጻሕፍት ቆየ። ዛሬም በብዙ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ይገኛል። በ2010 የወጣ የዘር ጥናት ግን ቀድሞ ከፑልሞናታ ውጭ ይመደቡ የነበሩ አንዳንድ የባሕር ቡድኖች ከባለ ሳንባዎቹ መካከል የሚወድቁ መሆናቸውን አመለከተ። እነዚህን ሁሉ አቅፎ የሚይዘው ሰፊ ቡድን ፓንፑልሞናታ ተባለ። በውስጡ ሳንባ ያላቸውም የሌላቸውም ይገኛሉ።

አየር መተንፈስ ራሱም በቀንድ አውጣዎች ታሪክ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ የመጣ ነው። ለምሳሌ ሳይክሎፎሪዴና ሄሊሲኒዴ የሚባሉት አስተኔዎች በየብስ ይኖራሉ፣ አየርም ይተነፍሳሉ። ነገር ግን የዛጎላቸውን አፍ የሚዘጉበት ቋሚ ክዳን አላቸው፤ የዘር ሐረጋቸውም ከአካቲና ፈጽሞ የራቀ ነው። ስለዚህ «አየር የሚተነፍስ የየብስ ቀንድ አውጣ» የሚለው አነጋገር ኑሮን ይገልጻል፤ ዝምድናን ለብቻው አያረጋግጥም። ስታይሎማቶፎራ ግን በዘር ጥናትም ጸንቶ የቆየ ቡድን ነው።

ዋና ዋና ወገኖች

አስተኔው ዛሬ ከአሥር በላይ ንዑስ አስተኔዎች አሉት። ግዙፎቹ የሚገኙት አካቲኒኔ በሚባለው ውስጥ ነው።

አካቲና፦ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ወገን። የዛጎሉ ጫፍ የሾለ ሲሆን በአፉ በኩል የሚታየው የመሐል ዘንግ ከታች በድንገት የተቆረጠ ይመስላል።

አርካካቲና፦ በአብዛኛው የምዕራብ አፍሪካ ወገን። የዛጎሉ ጫፍ ሰፊና ዶልዱም በመሆኑ ከአካቲና ይለያል። ጫፉ የዛጎሉ የመጀመሪያ ክፍል ስለሆነ የጫጩቱን መጠን ያሳያል፤ ከትልቅ እንቁላል የወጣ ጫጩት ሰፊ ጫፍ ይኖረዋል።

ሊሳካቲና፦ የምሥራቅ አፍሪካ ወገን። ሊሳካቲና ፉሊካ እዚህ ይገኛል።

ኮክሊቶማና ሜታካቲና፦ የደቡብ አፍሪካ ወገኖች። የኮክሊቶማ ዝርያዎች ቀድሞ በአካቲና ሥር ነበሩ።

ሊሚኮላሪያ፦ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ ባለው የሣር ምድር የሚገኝ፣ መጠኑ መካከለኛ የሆነ ወገን። የመሐል ዘንጉ ከታች የተቆረጠ አይደለም።

ቡርቶዋ፦ ወፍራም ዛጎል ያለው የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ወገን። ቡርቶዋ ኒሎቲካ የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዓባይ ወንዝ ነው።

ከሌሎቹ ንዑስ አስተኔዎች ሱቡሊና ኦክቶና የአበባ ማሰሮ አፈር ተከትሎ በሞቃት አገሮች ሁሉ የተሰራጨ ቀጭን ቀንድ አውጣ ነው። የሜዲትራኒያን አካባቢው ሩሚና ዴኮላታ ሲያድግ የዛጎሉን ጫፍ ራሱ ይሰብራል፤ «ዴኮላታ» ማለትም አንገቱ የተቆረጠ ማለት ነው። ሌሎች ቀንድ አውጣዎችን ስለሚበላ በካሊፎርኒያ የብርቱካን እርሻዎች ውስጥ ተባይ ለመቆጣጠር ውሏል። በሳኦ ቶሜ ደሴት ብቻ የሚገኘው ታይሮፎሬላ ቶመንሲስ ደግሞ ወደ ግራ የሚጠመዘዝ ሲሆን የዛጎሉ ጠርዝ እንደ በር ታጥፎ አፉን ይዘጋል። በዚህ እንግዳ አሠራር ምክንያት ቀድሞ ለብቻው አንድ አስተኔ ተሰጥቶት ነበር፤ ዛሬ የአካቲኒዴ ንዑስ አስተኔ ነው።

በስም ተመሳስለው ዘመድ ያልሆኑ

በሃዋይ ዛፎች ላይ የሚኖሩት ትንንሽና ባለ ደማቅ ቀለም ቀንድ አውጣዎች አካቲኔላ ይባላሉ። ስሙ «ትንሿ አካቲና» እንደማለት ነው። ይህን ስም የሰጠው ራሱ ስዌንሰን ሲሆን መነሻው የዛጎሉ ማማር ነበር። አካቲኔላ የሚመደበው ግን አካቲኔሊዴ በሚባል ሌላ አስተኔ ውስጥ ነው፤ በ2001 በታየው ታላቅ ክፍፍልም ከአካቲና ተቃራኒ በሆነው ቅርንጫፍ ላይ ይገኛል። ሁለቱን ስሞች የአንድ ፊደል ያህል ልዩነት ብቻ ስለሚለያቸው በንባብ ጊዜ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ።

በኢትዮጵያና በአካባቢዋ

በኢትዮጵያ ከአካቲኒዴ ግዙፍ ንዑስ አስተኔ በብዛት የሚታወቀው ሊሚኮላሪያ ነው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ከክረምት ዝናብ በኋላ በቁጥቋጦና በሣር ላይ ይታያል፤ በበጋ ደግሞ ነጭተው የቀሩ ባዶ ዛጎሎቹ መሬት ላይ ይገኛሉ።

እነዚህ ዛጎሎች ለአየር ንብረት ታሪክ ጥናት ይጠቅማሉ። ዛጎሉ ከአፉ በኩል እየተጨመረ ስለሚያድግ እያንዳንዱ የዕድገት መስመር በተሠራበት ወቅት የነበረውን የዝናብና የተክል ሁኔታ በውስጡ ባለው የኦክስጅንና የካርቦን አይሶቶፕ መጠን ይይዛል። ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ የሊሚኮላሪያ ዛጎሎች በዚህ ዘዴ ተመርምረው የዝናብና የበጋ ወራት መፈራረቅ በአንድ ዛጎል ላይ ሊነበብ እንደሚችል ታይቷል። በሱዳንም በካርቱም አቅራቢያ በጥንታዊ የሰው መኖሪያ ቦታ የተገኙ የሊሚኮላሪያ ዛጎሎች አካባቢው በዚያ ዘመን ከዛሬው የበለጠ ዝናብ ያገኝ እንደነበር ከሚያመለክቱት ማስረጃዎች አንዱ ናቸው።

ሊሳካቲና ፉሊካ፦ ወራሪው ዝርያ

የዚህ ዝርያ የትውልድ አገር የምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በማዳጋስካርና በሞሪሸስ ይገኝ ነበር። በ1847 ዊልያም ቤንሰን የተባለ የዛጎል ሊቅ ከሞሪሸስ ያመጣቸውን ቀንድ አውጣዎች በካልካታ በአንድ የአትክልት ቦታ ለቀቀ፤ የእስያው ስርጭት የጀመረው ከዚህ ነው። በ1930ዎቹ ታይዋንና ሃዋይ ደረሰ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የጃፓን ሠራዊት ለምግብነት ወደ ፓስፊክ ደሴቶች ወስዶታል። በ1980ዎቹ መጨረሻም ለእርባታ ተብሎ ወደ ብራዚል ገብቶ ከዚያ አምልጧል።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ የፍሎሪዳው ነው። በ1966 አንድ ልጅ ከሃዋይ ሦስት ቀንድ አውጣዎች ወደ ማያሚ አመጣ፤ አያቱም በጓሮ ለቀቋቸው። በሰባት ዓመት ውስጥ ከ18,000 በላይ ቀንድ አውጣዎች ተለቀሙ። ማጥፋቱ ወደ አሥር ዓመትና ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠየቀ። በ2011 ዝርያው በማያሚ እንደገና ታየ፤ ያን ለማጥፋትም እስከ 2021 ድረስ ዘመቻ ተደርጓል። በ2022 ደግሞ በሌላ የፍሎሪዳ አካባቢ ተገኝቷል።

ቀንድ አውጣው በመቶዎች የሚቆጠሩ የተክል ዓይነቶችን ይበላል፤ ከእነርሱም ሙዝ፣ ካካዎ፣ ጎመንና ባቄላ ይገኙበታል። በዚህም ምክንያት ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ካወጣው የ100 አስከፊ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

የተሳሳተው መድኃኒት

ሊሳካቲና ፉሊካን ለማጥፋት የተወሰዱ እርምጃዎች ከቀንድ አውጣው ራሱ የከፋ ጉዳት አድርሰዋል። በ1955 ዩግላንዲና ሮዚያ የሚባል ሥጋ በል ቀንድ አውጣ ከፍሎሪዳ ወደ ሃዋይ ተወሰደ። በ1970ዎቹ ደግሞ ወደ ታሂቲና ወደ ሞሬያ ደሴቶች ገባ። ዩግላንዲና የሚያድነው የሌላ ቀንድ አውጣ የልሃጭ ዱካ ተከትሎ ነው። ግዙፉን ወራሪ ለመቀነሱ አሳማኝ ማስረጃ አልተገኘም፤ የደሴቶቹን ትንንሽ ነባር ቀንድ አውጣዎች ግን ፈጃቸው። በሞሬያ ይኖሩ የነበሩት የፓርቱላ ዝርያዎች ዩግላንዲና በ1977 ከገባ በኋላ በአሥር ዓመት ውስጥ ከዱር ጠፍተዋል ለማለት ይቻላል። አንዳንዶቹ በእንስሳት መጠበቂያዎች ውስጥ እየተራቡ ተርፈዋል፤ ከ2015 ጀምሮም ወደ ደሴቶቹ መመለስ ጀምረዋል።

በሃዋይም የአካቲኔላ ዝርያዎች በአይጦች፣ በደን መመንጠርና በዛጎል ሰብሳቢዎች ላይ ይህ ጠላት ተጨምሮባቸው ብዙዎቹ ጠፍተዋል። «ጆርጅ» የሚል ስም ተሰጥቶት በቤተ ሙከራ ይኖር የነበረው የአካቲኔላ አፔክስፉልቫ የመጨረሻ አባል በጥር 2019 ሞቷል። በ2017 የታተመ የዘር ጥናት ደግሞ በሃዋይ ዩግላንዲና ሮዚያ እየተባለ ሲጠራ የነበረው አንድ ዝርያ ሳይሆን ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን አሳየ። ለስድሳ ዓመታት ያህል ስለ አንድ አዳኝ የተጻፈው ሁሉ ስለ ሁለት አዳኞች ነበር ማለት ነው።

የሰው ምግብና ጤና

በጋና፣ በናይጄሪያ፣ በኮትዲቯርና በሌሎች የምዕራብ አፍሪካ አገሮች አካቲና አካቲናና አርካካቲና ማርጊናታ ተወዳጅ ሥጋ ናቸው። ከዱር ይለቀማሉ፣ በእርባታም ይያዛሉ። በውጭ አገር የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆችም ይፈልጓቸዋል። በ2014 በሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከናይጄሪያ የተላኩ 67 በሕይወት ያሉ የአርካካቲና ማርጊናታ ቀንድ አውጣዎች ተይዘዋል። በአሜሪካ እነዚህን ዝርያዎች ያለ ፈቃድ በሕይወት ማስገባት የተከለከለ ነው።

የየብስ ቀንድ አውጣዎች የአይጥ ሳንባ ትል የሚባለውን ጥገኛ ትል ሊይዙ ይችላሉ። ትሉ በአይጥ ውስጥ ያድጋል፤ ዕጮቹ በአይጥ ኩስ ይወጡና ቀንድ አውጣው ይበላቸዋል። ሰው ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ ቀንድ አውጣ ሲበላ፣ ወይም ትንንሽ ቀንድ አውጣ የተደበቀበትን ያልታጠበ ቅጠል ሲመገብ ዕጮቹ ወደ አንጎሉ ሄደው የማጅራት ገትር ዓይነት ሕመም ያስከትሉበታል። በደንብ ማብሰል ትሉን ይገድለዋል። ቀንድ አውጣ በባዶ እጅ ከተነካ እጅን በሳሙና መታጠብ ይመከራል።

በሌላ በኩል ከሊሳካቲና ፉሊካ ልሃጭ አካሲን የሚባል፣ ባክቴሪያን የሚገድል ፕሮቲን ተለይቶ ተጠንቷል። ትልልቅ የነርቭ ሕዋሳቱም ለነርቭ ጥናት አገልግለዋል።

ጥበቃ

አርካካቲና ባይካሪናታ የሚኖረው በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ባሉት የሳኦ ቶሜና የፕሪንሲፔ ደሴቶች ብቻ ነው። ዛጎሉ ወደ ግራ ስለሚጠመዘዝ ከሌሎቹ ግዙፎች በቀላሉ ይለያል። የደሴቶቹ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ሲበሉት ኖረዋል። ከዋናው ምድር የመጣው አርካካቲና ማርጊናታ በደሴቶቹ ከተስፋፋ በኋላ ግን ነባሩ ወደ ደኑ ውስጥ እያፈገፈገ ቁጥሩ ቀንሷል። ሁለቱ የአንድ ወገን አባላት ሲሆኑ አንዱ ሊጠበቅ፣ ሌላው ሊቀነስ የሚገባው ነው። ለቃሚው ሁለቱን በቀላሉ የሚለይበት ምልክት የዛጎሉ አቅጣጫ ነው፤ ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ ራስ አዙረው ሲይዙት አፉ በግራ በኩል ከሆነ ነባሩ፣ በቀኝ በኩል ከሆነ መጤው ነው።